የውሻው ሥጋ በማን ሂሳብ ይግባ?

ጋሽ መንበሩ ማረፋቸውን የሰማሁት ከመካኒሳ አቦ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት አስካለ ነበረች፤ ድሮ ነፋስ ስልክ ፋብሪካ አብረን ስንሠራ ደመወዝ ከፋያችን። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ፣ “ጋሽ መንበሩን ሰምተሻል አይደል? ባለፈው ወር ሀና ማርያም ቀበርናቸው” አለችኝ።

አልሰማሁም ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ። አስካለ ግን ወሬዋን አላቆመችም። “ጡረታ ከወጡ በኋላ የዕድራቸው ገንዘብ ያዥ ሆነው ነበር” አለች። “የድንኳኑን ጥገና ወጪ በእኩል መክፈል ልክ አይደለም፣ ለቀስተኛ የሚበዛበት ቤት ይበልጥ ይክፈል ብለው አስቸገሩ። ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆመው ሰው ሲቆጥሩ ተገኙ። ዳኛው ከገንዘብ ያዥነት አነሣቸውና የወንበር ኃላፊ አደረጋቸው።”

ሳቄ አመለጠኝ። እንባዬ ገና ጉንጬ ላይ ነበር። ወያላው ዞሮ አየኝ፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ እናትም አማተቡ። አስካለም ጀመረች። ሁለታችንም አንድ ሟች ላይ እያለቀስን እየሳቅን መውረጃችንን አለፍነው።

እኔ ጋሽ መንበሩን ያወቅኋቸው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የሂሳብ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ነው። ፋብሪካው ሦስት ነገር ያመርት ነበር፤ የልብስ ሳሙና፣ የገላ ሳሙናና ሻማ። እሳቸው የዋጋ ሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ክፍሉ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው፣ አንድ ቁልፉ የተሰበረ ካልኩሌተርና ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ነበርን።

የመጀመሪያ ቀኔ ስገባ ኮሪደሩ መሐል ተንበርክከው አገኘኋቸው። የሚጸልዩ መስሎኝ ቆምኩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ሰው ላይ ሳይሆን ማንጠልጠያ ላይ ያለ ይመስላል። ቀና ብለው ሳያዩኝ የሜትር ጫፍ ዘረጉልኝ።

“ያዢልኝና ሽንት ቤቱ በር ድረስ ሂጂ።”

ያዝኩላቸው። አሥራ አንድ ሜትር ሆነ፤ ጻፉት። ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና፣ “ይህ ኮሪደር የማን ነው?” አሉኝ።

“የፋብሪካው” አልኩ።

“ፋብሪካ ኪስ የለውም፣ ልጄ። ኪስ ያላቸው የሚሸጡት ሦስቱ ዕቃዎች ናቸው። ኮሪደሩን የሚጠርገውን፣ አምፖሉን፣ ቀለሙን፣ ሁሉን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ ከሦስቱ በዚህ ኮሪደር ይበልጥ የሚመላለሰው የትኛው ነው?”

አላውቅም አልኩ። አለማወቄ ደስ አላቸው። ወንበር አምጥተው ሽንት ቤቱ ፊት ለፊት አስቀመጡኝና ከየትኛው ክፍል ማን እንደገባ ሁለት ቀን እንድመዘግብ አዘዙኝ። እናቴ ልጇ ቢሮ ገባች ብላ ጎረቤት ሁሉ ስትነግር፣ እኔ ደብተርና እርሳስ ይዤ የሽንት ቤት በር እጠብቃለሁ። ሰዉ እኔን ሲያይ ከመንገዱ ይመለስ ጀመር። በሁለተኛው ቀን የልብስ ሳሙና ሠራተኞች በጠቅላላ አጥር ዞረው ጓሮ መሄድ ጀመሩ። ማታ ላይ ጋሽ መንበሩ ደብተሬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“የልብስ ሳሙና፣ ዜሮ” አሉ። “ጤነኞች ናቸው።”

የዋጋ ሂሳብ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ምሳ ቤት ነው። አንድ ቀን ከፋብሪካው ሾፌርና ከአስካለ ጋር አራት ሆነን በር ላይ ካለው ሥጋ ቤት ገባን። ጋሽ መንበሩ ጨጓራቸው ሥጋ ስለማይስማማው ያለ በርበሬ የተሠራ ሽሮ በሉ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጥብስ አዘዘ። ሂሳቡ ሲመጣ ሾፌሩ፣ “ለአራት እናድርገው” አለ። ጋሽ መንበሩ ድርሻቸውን ቆጥረው ከፈሉ። መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

“አየሽ? እኔ የበላሁት ሽሮ ነው፤ የከፈልኩት ግን ጥብስ ነው። ነገ የምሳ ወጪዬን አይቶ አንድ ሰው፣ መንበሩ ሆዳም ነው ይላል። የእኛ ሥራ ሽሮ የበላውን ሆዳም እንዳይሉት መጠበቅ ነው።”

የሳሙናው ሞራና ሶዳ ለየብቻው ይታወቃል፤ የሻማው ሰምና ክርም እንዲሁ። ጭንቁ የማንም ያልሆነውና የሁሉም የሆነው ወጪ ነው፤ መብራቱ፣ የእንፋሎት ማፍያው ነዳጅ፣ ዘበኛው፣ የሥራ አስኪያጁ መኪና። ያንን የጋራ ወጪ በመጽሐፍ ኦቨርሄድ ይሉታል። ጋሽ መንበሩ ግን “ወላጅ የሌለው” ነበር የሚሉት። ለእያንዳንዱ ወላጅ ሲያፈላልጉ ነው የኖሩት።

ውሻውም ወላጅ ካጡት አንዱ ነበር። ጃክ የሚባል ትልቅ ቡናማ ውሻ ነበረን፤ በየሳምንቱ ከቄራ ሥጋ ይገዛለታል። የሥጋው ደረሰኝ ሲመጣ እኔ ለሦስት አካፍዬ ልጽፍ ስል ብዕሬን ያዙት። ዘበኛውን በዳዳን አስጠሩ።

“በዳዳ፣ ይህ ውሻ የሚጠብቀው ምኑን ነው? የሳሙናውን መጋዘን ነው ወይስ የሻማውን?”

በዳዳ ቆቡን አውልቆ በጥሞና አሰበ። “እውነቱን ልንገርዎት?” አለ። “ሌባ መጥቶ አያውቅም። ሳሙና የጫነ መኪና ሲገባ ቀና አይልም። የሚጮኸው ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ብቻ ነው።”

“ሁልጊዜ?”

“ጠዋትና ከሰዓት። ቅዳሜ አንዴ።”

ጋሽ መንበሩ አመስግነው አሰናበቱትና የውሻውን ሥጋ በሙሉ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጪ ላይ ጻፉት። ሥራ አስኪያጁ አዲስ የተሾመ፣ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ ክራባቱን በየደቂቃው የሚያስተካክል ሰው ነበር። የወሩን ሪፖርት ሲያነብ ከስብሰባ፣ ከመኪናና ከስልክ ቀጥሎ “ሥጋ” የሚል አገኘ። ሦስት ቀን ኩርፊያ ሆነ።

ነገሩ የከረረው ከዚያ በኋላ ነው። መንግሥት ተለውጦ እያንዳንዱ ፋብሪካ ራሱን ይቻል የተባለበት ጊዜ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰኞ ሰብስቦን፣ የሻማ ክፍል በኪሳራ ስለሚሠራ ክረምቱ ሲወጣ ይዘጋል አለ። ሻማ ክፍል ማለት ከግቢው ጀርባ ያለ ጨለማ መጋዘን ነው። ሃያ ሁለት ሴቶች ሰሙን በጋዝ ምድጃ እያቀለጡ፣ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በእጅ እየሞሉ፣ በእጅ እየጠቀለሉ ይሠራሉ። አብዛኞቹ ከዚያ ሌላ ሥራ አያውቁም። ኪሳራው የተጻፈበት ወረቀት የእኛ ነበር፤ ጋሽ መንበሩ ፈርመውበታል፣ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሰዓት የሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘነበች ቢሯችን መጣች። አጭር፣ ደንዳና፣ እጆቿ ከሰም ብዛት የሚያብረቀርቁ ሴት ናት። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

“ጋሽ መንበሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፤ አልከራከርም። እኛ ጋ አራት አምፖል አለ። አንዱ ከጥምቀት ጀምሮ ተቃጥሏል። እንፋሎት የሚባል ነገር አናውቅም። መኪና አንሳፈርም። ታዲያ የከሰርነው ምን በልተን ነው?”

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሽ መንበሩ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ከመደርደሪያው አናት አንድ አቧራ የጠጣ መዝገብ አውርደው የመጀመሪያውን ገጽ አሳዩኝ። በራሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ የጋራ ወጪው ሁሉ በሠራተኛ ቁጥር ይካፈል ይላል።

“ይህን የጻፍኩት ፋብሪካው ሲከፈት ነው” አሉ። “ያኔ ሦስቱም ክፍል በእጅ ነበር የሚሠራው፤ ሰው የበዛበት ብዙ ይበላ ነበር። ከዚያ ለሳሙናው ማሽን መጣ፣ ሰው ቀነሰ። ሻማው ጋ ማሽን አልመጣም፣ ሰውም አልቀነሰም። አሁን ከአርባ አራት ሠራተኛ ሃያ ሁለቱ ሻማ ላይ ናቸው። የማሽኑን መብራት፣ የማፍያውን ነዳጅ ግማሹን የሚከፍለው ሻማ ነው።” መዝገቡን ዘጉት። “ኮሪደር ስለካ፣ ውሻ ስመረምር፣ ትልቁን ነገር ረስቼው ኖሬያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

እንዲህ ሲሉ ያዘኑ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ሆዳቸውን የታመሙ ነው የሚመስሉት።

በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ አስረዱ። እሱ ክራባቱን አስተካከለና፣ “ጋሽ መንበሩ፣ ፋብሪካው ያለው አንድ ቆጣሪ ነው። ሻማ ክፍል ትንሽ እንደሚበላ በምን አውቃለሁ? ማስረጃ ያምጡ” አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የበላዮቹን የሚፈራ ሰው ነበር።

ጋሽ መንበሩ ማስረጃ የሚገኝበትን ዘዴ ይዘው መጡ። የሐምሌን ወር ሙሉ የሻማ ክፍል መብራት ይቋረጥ፤ የሰኔና የሐምሌ የቆጣሪ ንባብ ይነጻጸር አሉ። መጋዘኑ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት ነው፣ ሐምሌ ደግሞ ዝናብና ጭጋግ ነው። ሴቶቹ በምን ያያሉ ተባለ። እትዬ ዘነበች ጣራውን ቀና ብላ አየችና፣ “ሻማ ፋብሪካ ውስጥ ሆነን መብራት እናጣለን?” አለች።

እንዲህ ሆኖ ሃያ ሁለት ሴቶች ወር ሙሉ በሻማ ብርሃን ሻማ ሠሩ። ጠማማ የወጡትን እየመረጡ በመስኮቱ ደፍና በየጣሳው ላይ ተከሏቸው። የሳሙና ክፍል ሰዎች በምሳ ሰዓት እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ አንዳንዱ ሳያስበው ቆቡን ያወልቃል። ጋሽ መንበሩ ግን ለእያንዳንዷ ሻማ ወረቀት ይቆረጥ ብለው አዘዙ። በየጠዋቱ ሄጄ የነደዱትን እቆጥራለሁ፣ እትዬ ዘነበች ትፈርማለች።

“ለምርመራው የነደደ ሻማ የሻማ ክፍል ወጪ አይደለም” አሉኝ። “የዋጋ ሂሳብ ክፍል ነው የሚሸከመው። የጠየቅነው እኛ ነን።”

ሐምሌ አለቀ። በዳዳ ቆጣሪውን ሲያነብ ሁላችንም ዣንጥላ ይዘን ከበብነው። ቁጥሩን ሁለቴ አነበበ። ከሰኔ በልጧል።

ሥራ አስኪያጁ አልፎከረም። በሐዘኔታ ቃና፣ “ሻማ ክፍል ጠፍቶ ፍጆታው ጨመረ፣ ጋሽ መንበሩ። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?” አለ። እሳቸው ሁለት ቀን ብቻ ስጡኝ ብለው ለመኑ።

ያን ሁለት ቀን ከሶኬት ወደ ሶኬት ሲዞሩ ዋሉ። ማሽኖቹ የሠሩበትን ሰዓት አመሳከርን፤ ከሰኔ አልበለጠም። ማፍያው በነዳጅ ነው የሚሠራው። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ግቢ ውስጥ ቆመው ዝናቡን ሲያዩ ድንገት፣ “ውሻው የት አለ?” አሉ።

በዳዳ፣ “ላይ ነው፣ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ” አለ። “ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ ታርቀዋል። አሁንማ አይጮህባቸውም።”

ጋሽ መንበሩ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጡ። ተከተልኳቸው። ጃክ በሩ ሥር ካለው ክፍተት ጋር ሆዱን ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። ጋሽ መንበሩ አጠገቡ በሆዳቸው ተጋደሙና መዳፋቸውን ወደ ክፍተቱ አስጠጉ። ከዚያ እኔንም ጎትተው አጋደሙኝና እጄን አስነኩኝ። በበሩ ሥር የሚወጣው አየር እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል።

በሩ ያን ጊዜ ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ሰዎችና አንድ ውሻ እግሩ ሥር ተጋድመው አየ። ከጀርባው ሁለት ትልልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች እንደ ፍም ቀልተው ይታያሉ።

“ይበርደኛል” አለ።

በማግሥቱ በተጠራው ስብሰባ ላይ ጋሽ መንበሩ ማሞቂያዎቹን እኔ ባላሰብኩት ገርነት ነው ያነሷቸው። “መሞቅ ጥፋት አይደለም” አሉ። “ሐምሌ ነው፣ ይበርዳል። ነገር ግን በኛ አከፋፈል ከዚያ ማሞቂያ ግማሹን የሚከፍለው ሻማ ክፍል ነው። መብራት ተቋርጦባቸው በጨለማ ተቀምጠው እርስዎን ሲያሞቁ ከረሙ ማለት ነው።”

ከዚያ እሳቸው የጥንቱን መዝገብ ከፍተው፣ የአከፋፈሉን ደንብ ያወጡት ራሳቸው እንደሆኑና ሃያ ዓመት ሲሳሳቱ እንደኖሩ ተናገሩ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ወደ ራሱ ጎትቶ ለረጅም ጊዜ አነበበ። ሲጨርስ፣ “እንደገና ይሠራ” አለ።

እንደገና ሠራነው። መብራቱና ነዳጁ በማሽን ሰዓት፣ ኪራዩ በቦታ ስፋት፣ የሠራተኛ ክበቡ ብቻ በሰው ቁጥር ተካፈለ። ሻማ ትርፍ አሳየ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን ትርፍ ነው። የከሰረው የገላ ሳሙናው ሆኖ ተገኘ፤ ሥራ አስኪያጁ ጽጌረዳ ያለበት መጠቅለያ ያሳተመለት፣ ለእንግዳ ሁሉ በስጦታ የሚሰጠው። መጠቅለያው ተራ ወረቀት ሆነ፣ ዋጋውም ትንሽ ጨመረ። ሻማ ክፍል አልተዘጋም።

እትዬ ዘነበች ውሳኔውን ስትሰማ እልል አላለችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ “ታዲያ የሃያው ዓመት ይመለስልናል?” አለች።

ሌላው ሳቀ፤ ጋሽ መንበሩ ግን እንደ ቀልድ አልወሰዱትም። የቆዩ መዝገቦችን ሁለት ሳምንት ሲያገላብጡ ሰነበቱ። በመጨረሻ ካልኩሌተሩን ገፋ አድርገው፣ “ዕዳው የሳሙና ነው” አሉኝ። “ሳሙናው ደግሞ ታጥቦበት አልቋል።” ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታቸው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ አንድ በግ፣ ዳቦና ለስላሳ ይገዛ ብሎ ፈቀደ። ወጪው እንደ ልማዱ ለሦስቱ ክፍሎች ሊካፈል ነበር። ስንብቱ ከመጀመሩ በፊት ግን እትዬ ዘነበች በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ይዛ ቢሯችን ገባች፤ ከኋላዋ ሴቶቹ ኮሪደሩን ሞልተውታል። የጋሽ መንበሩ የስንብት ወጪ በሙሉ በሻማ ክፍል ሂሳብ ይግባልን ይላል፤ ሃያ ሁለት ፊርማ አለበት። እንዲጸድቅ የዋጋ ሂሳብ ክፍል ኃላፊ መፈረም አለበት፤ ኃላፊው እስከዚያ ማታ ድረስ እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ መንበሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ቀይ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

“ይህ ልክ አይደለም፣ ዘነበች። በጉን የሚበላው ሁሉም ነው። የገላ ሳሙናው አለ፣ አስተዳደሩ አለ። እናንተ ምን በወጣችሁ ነው ሙሉውን የምትሸከሙት?”

“ልክ እንዳልሆነማ እናውቃለን” አለች እትዬ ዘነበች። “ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ? አሁን ሲያካፍሉ የቆዩትን ይተዉትና ይፈርሙልን።”

እስክሪብቷቸውን እንደያዙ ቆዩ። ማባዣና ማካፈያው በአእምሯቸው ሲሮጥ ከፊታቸው አየዋለሁ፤ በጉ በሰው ቁጥር፣ ዳቦው በክብደት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በክራባታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ፈረሙ።

በሥራ ዘመናቸው ስህተት መሆኑን እያወቁ የፈረሙት ወረቀት እሱ ብቻ ይመስለኛል። ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ከፍቼ በጉን በሙሉ ሻማ ላይ ጻፍኩት።